ድምፅ ስለ መለመንና ሸክም ስለ መሸከም

ሕዝብ መሪውን በድምፁ በሚመርጥበት አገር ሁሉ፥ የፖለቲካ ፓርቲ ያቋቋሙ ሰዎች የምርጫ ወራት ሲቃረብ ተሰብስበው እርስ በርሳቸው የሚጠያየቁት አንድ ነገር አለ። ይኸውም፥ «መራጩ ወደ እኛ እንዲያዘነብል ስለ ምን ብንቆም ይሻላል?» የሚል ነው። ጥያቄው የብልህ ጥያቄ ይመስላል፤ ያልተመረጠ ፓርቲ የቱን ያህል መልካም አሳብ ቢኖረው በሥራ ሊገልጠው አይችልምና። ነገር ግን ቃሉን ቀርቦ ለመረመረው ሰው በውስጡ ወጥመድ አለበት። ቅን ሰው አስቀድሞ የሚቆምለት ነገር ይኖረዋል፤ ከዚያም በኋላ አብሮት የሚቆም ሰው ይፈልጋል። ይህ ጥያቄ ግን ሥርዐቱን ገልብጦ፥ አስቀድመህ ሰው የተሰበሰበበትን ቦታ እይ፥ ካየህም በኋላ ሄደህ እዚያ ቁም ይላል። እንዲህ ከሆነ ፓርቲው መንገድ መሪ መሆኑ ቀርቶ፥ ገዢ ወዳለበት ሁሉ ዕቃውን ተሸክሞ የሚዞር ሸቃጭ ይሆናል።

በሌላው ወገን ደግሞ፥ «እኔ የሕዝብን ወሬ አልሰማም፤ የማውቀውን እውነት ብቻ እናገራለሁ» የሚል ፓርቲ ቢነሣ፥ እርሱም ከትዕቢት አያመልጥም። ሕዝብን የማይሰማ ሰው የሕዝብ አገልጋይ ነኝ ሊል አይገባውምና። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለችው ቀጭን መንገድ የትኛዋ ናት? ይህን መመርመር ለካህንም ለከተማ ሰውም ይጠቅማል፤ ሁለቱም አንድ ቀን በምርጫ ሣጥን ፊት ይቆማሉና።

በሳሙኤል ካልእ መጽሐፍ በ15ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የአቤሴሎምን ታሪክ ከእናንተ የማያውቀው የለም። የንጉሡ ልጅ ማልዶ እየተነሣ በከተማው በር አጠገብ ይቆም ነበር፤ ለፍርድ የሚመጣውን ባለጉዳይ ሁሉ እየጠራ አገሩን ይጠይቀው፥ እውነቱ ከአንተ ዘንድ ነበር ግን ሰሚ አጣህ እያለ ያዝንለት፥ እጅ ሊነሣው የቀረበውንም አቅፎ ይስመው ነበር። ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ አቤሴሎም የአባቱን ዙፋን መመኘቱን ብቻ ይመለከታል። እኔ ግን ሌላ ነገር እንዲታሰብ እወዳለሁ። ወደ ፍርድ የሚመጡት ከሳሽና ተከሳሽ ናቸው። አቤሴሎም ለሁለቱም እውነቱ ከአንተ ዘንድ ነው ካላቸው፥ ከሁለቱ አንዱን ዋሽቶታል። ገበሬውን የእህልህ ዋጋ ከፍ ይልልሃል፥ የከተማውን ሰው እህል ይረክስልሃል፥ ነጋዴውን ግብር ይቀነስልሃል፥ መምህሩን ደመወዝ ይጨመርልሃል የሚል ፓርቲ ቢኖር፥ እርሱም በዚያው በር የቆመ ነው። መጽሐፍ ይህን ሥራ ከስርቆት ቈጥሮታል። የተሰረቀውም ልብ ለጥቂት ቀን ሠራዊት ሆኖለት፥ ኋላ በኤፍሬም ዱር ውስጥ ተበተነበት።

ሁለተኛው ምሳሌ በመጽሐፈ ነገሥት ያለው የሮብዓምና የኢዮርብዓም ነገር ነው። ሰሎሞን ካረፈ በኋላ ሕዝቡ በሴኬም ተሰብስቦ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም የከበደው ቀንበር እንዲቀልለት ነው። ሽማግሌዎቹ ለሕዝቡ እንዲያገለግል፥ በጎ ቃልም እንዲመልስ ሮብዓምን መከሩት። አብሮ አደጎቹ ግን እንዲያስፈራራ መከሩት፤ የእነርሱን ምክር ሰማ፥ ዐሥሩም ነገድ ከእጁ ወጣ። እስከዚህ ያለውን መምህር ሁሉ ያስተምረዋል። ስለ ምርጫ የሚነግረን ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ክፍል ነው። ዐሥሩን ነገድ ያገኘው ኢዮርብዓም፥ ሕዝቡ ለበዓል ወደ ኢየሩሳሌም ቢወጣ ልቡ ወደ ሮብዓም ይመለሳል ብሎ ፈራ። ስለዚህ የመንገዱን ርቀት ምክንያት አድርጎ በቤቴልና በዳን ሁለት የወርቅ ጥጃ አቆመላቸው። ልብ በሉ፤ ጥጃዎቹን ያቆማቸው ሕዝቡን እንዳያጣ ስለ ፈራ ነው እንጂ ስላመነባቸው አይደለም። ሕዝቡም የለመነው ሸክም እንዲቀልለት ነበር፤ የተሰጠው ግን ጥጃ ነው።

ሸክም ማቅለል የተሳነው ፓርቲም እንዲሁ ጥጃ ያቆማል። በእኛ ዘመን ጥጃው ብዙ ጊዜ ጠላት ነው። ችጋርህ የመጣው ከወዲያ ማዶ ካለው ከጎረቤትህ ነው ማለት ገንዘብ አይጠይቅም፥ መንገዱም ሩቅ አይደለም፥ በአንድ ቀን ስብከት ብዙ ሰው ይሰበስባል። ከምርጫው በኋላ ግን ችጋሩ በቦታው ይቀራል፤ በችጋሩ ላይ ጥላቻ ተጨምሮበታል።

«ይህ ሁሉ የነገሥታት ዘመን ነገር ነው፤ ስለ ምርጫ ሣጥን ምን ይነግረናል?» የሚል አንባቢ ቢኖር፥ በእንግሊዝ አገር ከ1923 እስከ 1944 ዓ.ም. የሆነውን ይመልከት። የዘመኑ ቍጥር ሁሉ እንደ አገራችን አቈጣጠር ነው።

በ1923 ዓ.ም. ክረምት በእንግሊዝ መንግሥቱን የያዘው የሠራተኞች ፓርቲ ነበር። በዓለም ሁሉ የገንዘብ ጭንቅ ወድቆ ሥራ አጡ በዝቶ ነበር። ብድር ለማግኘት ሲባል ለሥራ አጦች የሚሰጠው ርዳታ ይቀነስ የሚል አሳብ ቀረበ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚስተር ራምሴይ ማክዶናልድ ተስማሙ፤ ከሚኒስትሮቻቸው ግን ዘጠኙ እንቢ አሉ፥ መንግሥቱም ፈረሰ። ማክዶናልድ ከተቃዋሚዎቻቸው ጋራ ሌላ መንግሥት አቆሙ፥ ፓርቲያቸውም ከማኅበሩ አስወጣቸው። ከዚህ በኋላ በጥቅምት 1924 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ የሠራተኞች ፓርቲ ከ287 መቀመጫ ወደ 52 ወረደ። እውነቱን ለመናገር ለጭንቁ የሚሆን የተዘጋጀ መድኃኒት አልነበረውም፤ በዚህም ሊነቀፍ ይገባዋል። ነገር ግን ከደሀው እንጀራ ላይ አልቀንስም ብሎ ወድቋል፤ ሲወድቅም ሕዝብ አይቶታል።

በቀጠሉት ዓመታት ሥራ አጡ ወደ 3 ሚሊዮን ተጠጋ። ርዳታ የሚለምነውንም ሰው ሹማምንቱ ቤቱ ድረስ እየሄዱ የቤተ ሰቡን ገቢና ንብረት ይመረምሩ ነበር። ሥራ ያጣ አባት የልጁ ጥቂት ደመወዝ ተቈጥሮ ርዳታው ሲቀነስበት የሚሰማው ውርደት ቀላል አልነበረም። ያ ትውልድ ይህን አልረሳውም።

ከዚያም ታላቁ ጦርነት መጣ። ሚስተር ዊንስተን ቸርችል አገራቸውን ከጥፋት አዳኑ። ለእኛም እንግዳ አይደሉም፤ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ የእንግሊዝ ጦር ከአርበኞቻችን ጋራ የዘመተው በእርሳቸው መንግሥት ጊዜ ነበር። ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፥ በኅዳር 1935 ዓ.ም. ሰር ዊሊያም ቤቨሪጅ የሚባሉ ሊቅ አንድ ጽሑፍ አወጡ። በዚያም ጽሑፍ ሕዝቡን የሚያስጨንቁ አምስት ግዙፋን አሉ፥ እነርሱም ችጋር፥ በሽታ፥ ድንቍርና፥ የመኖሪያ ጕስቍልናና ሥራ ፈትነት ናቸው ብለው፥ ሰው ከተወለደበት ቀን እስከ ሞተበት ቀን በመዋጮ የሚረዳበትን ሥርዐት አሳዩ። ሕዝቡ ጽሑፉን ለመግዛት ተሰለፈ። ሚስተር ቸርችል ግን አገሩ ሊከፍለው በማይችለው ተስፋ ሕዝቡ እንዳይታለል ሠጉ። ይህ ሥጋት የሚናቅ አይደለም፤ የማይፈጸም ተስፋ መስጠት ኀጢአት ነውና።

በ1937 ዓ.ም. ጀርመን ድል ከሆነ በኋላ ምርጫ ተጠራ። ግንቦት 27 ቀን ሚስተር ቸርችል በራዲዮ ሲናገሩ፥ የሠራተኞች ፓርቲ ቢመረጥ እንደ ጀርመን ጌስታፖ ያለ የስለላ ፖሊስ ሳያቆም መግዛት አይችልም አሉ። የተናገሩባቸው ሰዎች ግን በጦርነቱ ዘመን ሁሉ አብረዋቸው በአንድ ጠረጴዛ የተቀመጡ ሚኒስትሮቻቸው ነበሩ፤ የተቃዋሚው መሪ ሚስተር ክሌመንት አትሊ ራሳቸው ምክትላቸው ነበሩ። ሚስተር አትሊም በማግሥቱ ሳይቈጡ በዝግታ መለሱ። ሰኔ 28 ቀን ድምፅ ተሰጠ። በሩቅ አገር ያሉት ወታደሮች ድምፅ እስኪሰበሰብ ሦስት ሳምንት ተጠብቆ፥ በእኛ አገር የቅዱስ ገብርኤል በዓል በሚውልበት በሐምሌ 19 ቀን ውጤቱ ተነገረ። ከ640 መቀመጫ የሠራተኞች ፓርቲ 393 አገኘ፤ ጦርነቱን ያሸነፉት ቸርችል ምርጫውን ተሸነፉ።

በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ይህን ውለታ ቢስነት ነው አለ። እኔ ግን እንዲህ አልልም። ሕዝቡ ስለ ትናንት የሚገባውን ምስጋናና ለነገ የሚሰጠውን አደራ ለይቶ ነበር። ይልቁንም የሚያስደንቀው ሌላ ነው። ሁለቱ ፓርቲዎች ለመራጭ ያቀረቡት ጽሑፍ ጐን ለጐን ቢነበብ፥ ሁለቱም የቤት ሥራ፥ የሕክምናና የመድን ተስፋ ሰጥተዋል። በቃል ብቻ ቢሆን ልዩነቱ ይህን ያህል አይደለም። በቅኔ ቤት እንደምንለው፥ ሰማቸው ተመሳሳይ ነበር። ሕዝቡ ግን ወርቁን ፈለገ፤ ወርቁም በ1924 ዓ.ም. ማን የት ቆሞ ነበር የሚለው ነው። በድል ቀን ለደሀው የሚቆመው ብዙ ነው። መራጩ የሚያስታውሰው ግን ለእርሱ ቆሞ በአንድ ወቅት የወደቀውን ነው።

የሰር ዊሊያም ቤቨሪጅም ዕጣ ልብ ሊባል ይገባዋል። እርሳቸው የሊበራል ፓርቲ እንደራሴ ነበሩ፤ በዚያው ምርጫ መቀመጫቸውን አጡ። አሳቡን ያመነጩት ሰው ወደቁ፥ አሳቡ ግን አሸነፈ። እውነትን የያዘ ሰው ሁልጊዜ ይመረጣል የሚል ካለ፥ ይህ ይበቃዋል።

ሠራተኞቹ መንግሥቱን ከያዙ በኋላ ምን አደረጉ? በሐምሌ 1938 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ እንኳ ያልተመጠነውን ዳቦ በካርድ መጠኑት። የዓለም እህል ጐድሎ ነበርና፥ በእንግሊዝ እጅ ያለው የጀርመን ሕዝብም በረኃብ እንዳያልቅ እህል መላክ ያስፈልግ ነበር። የትናንቱን ጠላት ለማብላት ከመራጩ ገበታ ዳቦ መቀነስ ድምፅ የሚያመጣ ሥራ አይደለም፤ ሆኖም አደረጉት። ሰኔ 28 ቀን 1940 ዓ.ም.፥ ድምፅ በተሰጠ ልክ በሦስተኛ ዓመቱ፥ ሀብታሙም ደሀውም በሐኪም ደጅ ዋጋ ሳይጠየቅ የሚታከምበት ሥርዐት ተጀመረ። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ግን፥ የእኛም ቃኘው ሻለቃ ለዘመተበት ለኮርያ ጦርነት የመሣሪያ ወጪ ሲበዛ፥ መንግሥቱ ለመነጽርና ለሰው ሠራሽ ጥርስ ግማሹን ዋጋ ሕመምተኛው እንዲከፍል ወሰነ። ሕክምናውን ያቋቋሙት ሚስተር አናይሪን ቤቨን፥ ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ቃላችን ይህ አልነበረም ብለው ሚኒስትርነታቸውን ለቀቁ። ፓርቲውም በዚህ ተከፈለ።

በጥቅምት 1944 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ የሠራተኞች ፓርቲ ከተቃዋሚው የበለጠ ድምፅ አግኝቶ ሳለ፥ በየወረዳው በሚቈጠረው የመቀመጫ አሠራር ምክንያት ተሸነፈ። ሚስተር ቸርችል ተመለሱ። ተመልሰው ግን ሕክምናውን አላፈረሱትም፤ እስከ ዛሬም ቆሟል። ከዚህ የተነሣ እኔ እንዲህ እላለሁ፤ አንድ ፓርቲ በእውነት የቆመለት ነገር የሚታወቀው፥ እርሱ ከወደቀ በኋላ ተቃዋሚው ሊያፈርሰው ሳይደፍር በቀረው ነገር ነው።

አሁን የሚነሣውን ክርክር ልመልስ። «ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን አሥራ አራት ዓመት ከሥልጣን ውጭ መቈየት የሚችል ማን ነው? በዚህ መካከል ደሀው ይሞታል። ስለዚህ አስቀድመን ሕዝቡ የሚወደውን ተናግረን እንመረጥ፤ ከተመረጥን በኋላ የሚጠቅመውን እናደርጋለን» የሚሉ አሉ። ይህ ክርክር ርኅራኄ ለብሶ ስለሚመጣ ብዙዎችን ያስታል። ነገር ግን በሐሰት የተመረጠ ሰው ከምርጫው በኋላ እውነትን ለመሥራት ኀይል የለውም። ዳቦህን ልቀንስ ነው ለማለት የሚችለው፥ አስቀድሞ ሸክም እንዳለ የተናገረ ሰው ብቻ ነው። ያልተናገረ ግን በመጀመሪያው የችግር ቀን ወይ ቃሉን ያጥፋል፥ ወይ እንደ ኢዮርብዓም ጥጃ ይፈልጋል።

በሕዝብ መሰማትና ሕዝብን ማቈላመጥ የሚለዩት በዚህ ነው። ሐኪም ሕመምተኛውን የት ያምሃል ብሎ ይጠይቀዋል፤ ይህን ያልጠየቀ ሐኪም አይደለም። የምትወደው መድኃኒት የትኛው ነው ብሎ የጠየቀ ግን፥ ሕመምተኛው ይወደዋል፥ ሕመሙም ይጸናበታል። ፓርቲም ቍስሉን ከሕዝብ ይስማ፤ መድኃኒቱን ግን መራራነቱንና ዋጋውን ሳይሸሽግ ራሱ ይናገር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በእንግሊዝ ያ የሥራ አጦች ክርክር በተነሣበት በ1923 ዓ.ም. ክረምት፥ በሐምሌ ወር፥ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ተሰጠ። በዚያም ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ እንደራሴዎቹን መኳንንቱና ሹማምንቱ እንዲመርጡ ተወሰነ። ሕዝቡ ራሱ እንደራሴዎቹን የመረጠው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ፓርቲ አልነበረም። እንግዲህ ፓርቲን አይቶ መምረጥ ለእኛ አዲስ ትምህርት ነው፤ ትምህርቱንም በብዙ ዋጋ ነው የተማርነው። በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ሕዝቡ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ በትዕግሥት ድምፁን ሰጠ፤ ከዚያ በኋላ ግን በሰኔና በቀጠለው ጥቅምት በአደባባይ ደም ፈሰሰ፥ እናቶችም ልጆቻቸውን ቀበሩ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱን የምክር ቤት መቀመጫ አንድ ሳይቀር ወሰዱ። ወራት እንጂ ዓመት ሳይሞላ በብዙ ስፍራ ሕዝቡ በቍጣ ተነሣ፤ በ2012 ዓ.ም. የግንባሩ ስም ራሱ ቀረ።

እንግዲህ ሁለቱን አነጻጽሩ። አንዱ በ1944 ዓ.ም. ተሸንፎ ሥራው ቀረለት፤ ሌላው መቀመጫውን ሁሉ ወስዶ በአምስት ዓመት ውስጥ ስሙን አጣ። ይህን የምናገረው አንዱን ወገን ለማሳፈር አይደለም፤ በዚያ ዘመን የተሠራ መንገድና ትምህርት ቤት እንዳለ ዐይናችን አይቷል። የመቀመጫ ቍጥር የሕዝብን ልብ እንደማይለካ ለመናገር ነው። ሣጥኑ ሞልቶ ልብ ባዶ ሊሆን ይችላልና።

ካህናት ወንድሞቼ ሆይ፥ ከዚህ ላይ የእኛ ዕዳ አለ። ምእመናን ከቅዳሴ በኋላ ቀርበው፥ «አባታችን፥ የትኛውን እንምረጥ?» እያሉ ይጠይቁናል። መቅደሱ የፓርቲ ምልክት የሚሰቀልበት ግድግዳ አይደለም፤ እገሌን ምረጡ ማለት አይገባንም። ዝም ማለትም ግን አይበቃም፤ የንስሓ ልጅ መንገድ ሲጠይቅ ዝም የሚል አባት የለምና። ስም ሳንጠራ እንዲጠይቁ ልናስተምራቸው እንችላለን። ድምፅ ሊለምን የመጣውን ሰው፥ «ይህ የምትለው ነገር ዋጋው ምን ያህል ነው፥ ከፋዩስ ማን ነው?» ይበሉት። «ለወዲያኛው መንደር የተናገርኸውን እዚህ ልትደግመው ትችላለህን?» ይበሉት። ደግሞም፥ «ስለዚህ ነገር ስትል ከዚህ ቀደም ምን ጐድሎብሃል? ባትመረጥስ ስለ እርሱ መናገርህን ትተዋለህን?» ይበሉት። ለእነዚህ መልስ ያለው ሰው ባናውቀውም ሊሰማ የሚገባው ነው። መልስ የሌለው ግን ወገናችን ቢሆን፥ አገራችን ቢሆን፥ ቋንቋችንን ቢናገር፥ ገና በአቤሴሎም በር ላይ ቆሟል።

እናንተም በፓርቲ ውስጥ ያላችሁ የተማራችሁ ሰዎች፥ ጥያቄያችሁን ለውጡት። መራጩ እንዲመርጠን ስለ ምን እንቁም ማለትን ትታችሁ፥ ባንመረጥ እንኳ የማንተወው ምንድር ነው በሉ። ከሕዝቡ ሸክም አንዱን መርጣችሁ፥ ክብደቱን ሳትቀንሱ ነግራችሁት፥ ከጫፉ ያዙለት። ምናልባት በመጀመሪያው ምርጫ አይሰማችሁ ይሆናል። ነገር ግን ሸክም የበዛበት ሰው ከጀርባው ማን እንደ ደገፈው ሳያይ አይቀርም።

አምላከ ሰላም ለመራጩ ማስተዋልን፥ ለተመራጩ ቃሉን የሚፈራበት ልብን ይስጥልን። አሜን።